አባቴ ያልፎከሩት ፉከራ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አባቴን የሚያውቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣብኝ ፉከራቸውን ነው። «አይ ያ ቀን! አይ አባትሽ! እንዲያ ያለ ፉከራ ከዚያ ወዲህ መች ሰማን?» ይሉኛል፣ ሻይ ልቀዳ ጎንበስ ባልኩበት። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። ምን ልበል? አባቴ በዕድሜያቸው አንድ ቀን እንኳ ፎክረው አያውቁም። ሰርግ ላይ ጎረምሳው ዘራፍ ሲል ጥግ ይዘው ጠላቸውን የሚጠጡ፣ ድምፃቸው ትንሽ ከፍ ካለ ራሳቸው የሚደነግጡ ሰው ናቸው። ያን ቀን ያደረጉት ሌላ ነገር ነው። ሰዉ ባደነቀልኝ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል፤ ደግሞ እኮ የሚያደንቀው ከልቡ ነው፣ ክፋት ቢኖርበት ኖሮ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ በስተግራ፣ አንድ ረጅም ሜዳ ነበር። በአባቴ ወጣትነት ዳኮታ የሚሉት አውሮፕላን ያርፍበት ነበር አሉ። ደብዳቤ ያመጣል፣ በሽተኛ ይወስዳል፣ አንዳንዴ ዳኛ፣ አንዳንዴ ሙሽራ ያወርዳል። አባቴ የሜዳው ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ። ካኪ ካፖርት፣ ፊሽካና ዱላ ተሰጣቸው። ሥራቸው አውሮፕላን ሲመጣ ሰውና ከብት ከሜዳው ማስወጣት ነው፣ በቃ። ከዚያ መንገዱ ተሠራ፣ አውቶቡስ በዛ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ዳኮታው ቀረ። የመጨረሻው ቀን ቢሮውን የዘጋው ሰውዬ ሊሳፈር ሲል የአባቴን እጅ ጨብጦ «እስክንመለስ ሜዳውን አደራ» አላቸው።

ኧረግ! እንዲህ ያለ ነገር ለእንዲህ ያለ ሰው ይባላል? ሰውዬው ለወጉ ያለው ነው፤ «ደኅና ሁን» እንደ ማለት። ምናልባት ባሕር ዳር ሳይደርስ ረስቶታል። አባቴ ግን አደራ ሲባል አደራ ነው የሰሙ። በእኛ አገር አደራ የበላ ሰው ከሌባ በታች ነው፤ ሌባስ ያላመነውን ሰው ነው የሚሰርቅ።

ደመወዙ ቆመ፣ አባቴ አልቆሙም። ከሜዳው ጫፍ ባለችው የዘበኛ ቤት እኛን ወልደው፣ ከጓሮ በሚያገኟት በቆሎና ዳጉሳ አሳደጉን። ክረምት የቦረቦረውን በአካፋ ይሞላሉ፤ የበቀለውን ቁጥቋጦ ከሥሩ ይነቅላሉ። ሣሩ ሲረዝም ያጭዱና ለጎረቤት ያከፋፍሉታል፤ ለራሳቸው ላም ግን አንዲት ሸክም አይወስዱም። «ዘበኛ የሚጠብቀውን አይበላም» ይላሉ። እናቴ በዚህ ነገር ስንት ጊዜ አልቅሳለች። «ሣሩ ደጃችን ላይ ቆሞ፣ ላሜ የሰው ድርቆሽ ትለምን?» ትላለች። ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ የሚያሳየው ጨርቅ ሲበጣጠስባቸው ደግሞ የእሷን ቀሚስ ቆርጠው ረጅሙ እንጨት ላይ ሰቀሉት። «ይኸው እኔ መሬት ላይ ቀረሁ፣ ቀሚሴ አየር ላይ ወጣ» ብላ ስትስቅ ትዝ ይለኛል። እንዲያው ብትስቅም ከሆዷ አልነበረም፤ ሜዳውን እንደ ጣውንት ጠልታው ነው የሞተች።

ጎረቤቱማ ተዉት። «ባለ አውሮፕላኑ» ነው ስማቸው። ጠላ ቤት ሲገቡ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ የሚቀበላቸው አይጠፋም። አባቴ ፈገግ ብለው ይቀመጣሉ። እኔ ነኝ እንጂ የማልችል። ትምህርት ቤት «አባትሽ ሰማይ ይጠብቃል» ያለኝን ልጅ ሁሉ አፍንጫውን እያደማሁ ነው ያደግሁ። ቤት ስመጣ ደግሞ እሳቸውን እቆጣለሁ፤ «አባ፣ አይመለሱም እኮ! ይተዉት!» እላለሁ። «ባይመለሱ የእነሱ ነው የሚሆን፤ እኔ ብተወው የእኔ ነው» ይሉኛል። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል?

ከዚያ ከተማው ሰፋ። ቤት መሥሪያ ቦታ የሚጠይቀው ሕዝብ በዛ፤ ከጠያቂዎቹ አንዷ እኔው ነኝ። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አለኝ፤ የምሠራበት ኪራይ፣ የምተኛበት ኪራይ። ቦታ ከየትም ይምጣ ብዬ ከሰው ጋር በማኅበር ተመዘገብኩ። የእኛን ጥያቄ የያዘው ኃላፊ፣ ወጣት ነው፣ ለክፉ የሚሰጥ ሰው አይደለም፣ አባቴን አስጠራቸውና «አባባ፣ አውሮፕላን የማያርፍበት የአውሮፕላን ማረፊያ የለም። ይኼ ሜዳ ነው። ሜዳ ደግሞ ይሸነሸናል» አላቸው።

«አደራ ነው የኔ ልጅ» አሉት።

«የማን አደራ? አደራ ሰጪው የታለ?»

ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ያን ሰሞን እህል እንኳ በወጉ አልበሉም።

በዚህ መሐል ነው የአሮጌ መኪኖቹ ወሬ የመጣው። ይህ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ መንገዱ ገና ሰላም በነበረ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የጥንት መኪና የሚወዱ፣ የአባቶቻቸውን ቮልስና ፊያት እያደሱ የሚነዱ ሰዎች አሉ። እነሱ ተሰልፈው ወደ ባሕር ዳር ሊሄዱ ኖሯል፤ አንድ ወዳጃቸው ደግሞ ከመኪኖቹም የምታረጅ ትንሽ አውሮፕላን አለችው። መኪናና አውሮፕላን ባንድ ቦታ ቆመው ሕዝብ የሚያይበት፣ ትርዒት የሚያሳዩበት ሜዳ መንገድ ላይ ይፈልጋሉ። አንድ ባለ ኮፍያ ሰው አስቀድሞ መጣ። ከአባቴ ጋር ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ ሄደበት። እኔም ምሳ ይዤ ሄጄ ስለነበር ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ።

«አባባ፣ ይኼን ሜዳ እንዲህ አድርጎ የያዘው ማነው?» አለ ሰውዬው።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ትመጣላችሁ ተብዬ ነዋ።»

ሰውዬው ሳቀ። አባቴ አልሳቁም። ከዚያ ሰውዬው ቆም አለና አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ተናገረ። አውሮፕላኗ ቀላል ናት፤ አንዲት ጥጃ ብትገባባት ትገለበጣለች፤ ስታርፍ ሰውም ከብትም ሜዳው ላይ እንዳይኖር አለ። አባቴ ቀና ብለው «ይኸማ ሥራዬ ነው» አሉት። እንደዚያ ቀን ሲኮሩ አይቻቸው አላውቅም።

ኃላፊውም በሽማግሌዎች ፊት ቃል ሰጠ። «ካረፈች ሜዳውን አንነካውም፤ ለከተማችንም ስም ነው። ካላረፈች ግን አባባ፣ እንዳይቀየሙን።» አባቴም «ካረፈችማ አደራዬን ለሚረከበኝ አስረክቤ እገላገላለሁ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ጸሎት መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ስሰማ ንግግር ነው የሚያጠኑ፦ «በአደራ የተቀበልኩት ሜዳ ይኸው። ሰው አልያዘውም፣ ከብት አልረገጠውም። ተረከቡኝ።» ይችው ናት። ይችን ለማጥናት ከረሙ። እኔም፣ ቦታ ጠያቂዋ፣ አውሮፕላኗ ትረፍ፣ አንተም ትረፍ ብዬ ለሜዳው ተሳልኩ። የአባቴን ፊት ያየ ሌላ ነገር ሊመኝ አይችልም።

አገሩ ደቦ ወጣ። ሣሩ ታጨደ፣ ጉብታው ተደለደለ፣ ድንጋዩ ተለቀመ። ለስንት ዘመን ያሾፈባቸው ሁሉ አካፋ ይዞ «አባ፣ እዚህ ጋስ ይበቃል?» እያለ ይጠይቃቸው ነበር። አባቴ በዱላቸው ያሳያሉ። ባለ አውሮፕላኑ መባላቸው ቀርቶ ለአንድ ሳምንት «አባታችን» ሆኑ።

ቀኑ እሑድ ነው። ከቅዳሴ መልስ ሰዉ ጎረፈ። ከጅጋ የመጣ አለ፣ ከቡሬ የመጣ አለ፤ ከገጠሩም ሌሊት ተነሥቶ በእግሩ የመጣ ነበር። ካህናቱ ጥላቸውን ይዘው፣ የገበያው ሙስሊም ሽማግሌዎች ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ተማሪው ቅጠል ይዞ፣ ባለ ፈረሶቹ ፈረሶቻቸውን ሸልመው። ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል። አባቴ ካኪ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ማልደው ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆመዋል።

የኃላፊው ሰዎች መጥተው አነሷቸው። «አባባ፣ ዛሬማ እርስዎ የክብር እንግዳ ነዎት! ቆመው ይውላሉ እንዴ? ነውር ነው!»

«ሜዳውንስ ማን ይጠብቃል?»

«ወጣቶች መድበናል። አያስቡ።»

ካፖርታቸውን አስወልቀው ከሰው የተዋሱትን ጥቁር ኮት አለበሷቸው። ፊሽካውን ኮቱ ላይ አያምርም ብለው አወለቁባቸው። ዱላቸውን ግን እንቢ አሉ። ከፊተኛው ረድፍ፣ ከኃላፊው አጠገብ ተቀመጡ፤ ተቀመጡ ከተባለ ነው እንጂ፣ እሳት ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ወንበሩ ጫፍ ላይ ነበሩ። ወጣቶቹን አየኋቸው፤ ክንዳቸው ላይ ጨርቅ አስረው ፈረሶቹ አጠገብ ፎቶ ይነሣሉ።

መኪኖቹ መጡ። እውነቴን ነው፣ ያምሩ ነበር። ክብ ክብ ቮልሶች፣ ጡጦ የምታህል ፊያት፣ መስተዋት የመሰለ ጥቁር መርሴዲስ። በስተመጨረሻ አንድ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና እያገሳ ሲገባ፣ ጡረታ የወጡ አንድ ሾፌር ሽማግሌ ሄደው አፍንጫውን ዳሰሱትና ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። እኔ ፔርሙዞቼን ይዤ ከመኪኖቹ አጠገብ ሻይ እቀዳለሁ። ባለ ኮፍያው ሰውዬ ግን የለም። የእሱ ላንድሮቨር ጅጋ ላይ ውሃ አፍልታ ቆማለች፣ ሲቀዘቅዝላት ይደርሳል አሉ። አውሮፕላኗን የሚያውቅ፣ ሜዳው ባዶ ይሁን ብሎ የሚጮህ ሰው ከአባቴ በቀር አልነበረም ማለት ነው። ያን ጊዜ ግን ማን አሰበው?

ድምፅዋ ተሰማ። ሰዉ ሁሉ ባንዴ ቀና አለ። ቢጫ ናት፤ ንብ ታክላለች። ከፍ ብላ ዞረችን፣ ራቀች፣ ከዚያ ከሜዳው ጫፍ ዝቅ ብላ ቀጥ ብላ መጣች። አባቴን ፈለግኋቸው። ቆመዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

አሁን ልብ በሉልኝ፤ እኛ እንግዳ ቁጭ ብለን አንጠብቅም። ተራው እንግዳ ደጅ ድረስ ወጥተው ይቀበሉታል፣ የከበረውን መንገድ ድረስ፣ በጣም የከበረውን አገር ተሰብስቦ ወጥቶ አጅቦ ያስገባዋል። እንግዳ እየመጣ ቆሞ ያየ ሰው ባለጌ ነው። እና አንድ ድምፅ፣ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ «መጣች እኮ! ምን ትገተራላችሁ! ወጥተን እንቀበላት እንጂ!» አለ።

በቃ። ሕዝቡ ገንፍሎ ወጣ። ካህናቱ ከፊት፣ ጥላው ከነዘርፉ፤ ሽማግሌዎቹ ምርኩዛቸውን ይዘው፤ ተማሪው ቅጠሉን እያውለበለበ፤ ባለ ፈረሶቹ በግራና በቀኝ እየጋለቡ። ጨርቅ ያሰሩት ወጣቶች ከሁሉ ቀድመው ሮጡ፣ ስልካቸውን ወደ ላይ አድርገው። ያ አባቴ እንቦሳ ያላስረገጡት ሜዳ ባንድ አፍታ በሰው ጥቁር አለ።

አውሮፕላኗ እግሯ እስኪታየኝ ድረስ ወርዳ ነበር። ጮኸችና ተመንጥቃ ወጣች። ሰዉ «ተሳለመችን! እጅ ነሣችን!» ብሎ በእልልታ ቀወጠው።

አባቴ ተነሡ። ኃላፊው የኮታቸውን ጫፍ ያዘና «አባባ፣ አረፍ ይበሉ፣ ሰው ይቀበልልዎታል» አላቸው። ኮቱን ጥለውለት ሄዱ። እንዲያ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። ዱላቸውን ሽቅብ ይዘው፣ በሸሚዝ፣ ሰዉ መሐል ገቡ። እኔም ፔርሙዜን ጥዬ ከኋላቸው ሮጥኩ። ቅርባቸው ስለነበርኩ የሚሉትን እሰማለሁ፦ «ውጡ! ሜዳውን ልቀቁ! ታርፍበት! በእናታችሁ ልቀቁላት!» ድምፃቸው ያው የእሳቸው ቀጭን ድምፅ ነው፤ በሞተሩ ጩኸትና በእልልታው መሐል የት ይሰማል? ሰዉ የሚያየው ሌላ ነው። አንድ ሽማግሌ፣ ኮቱን ጥሎ፣ ዱላ ነቅንቆ፣ ወደፊት እየተወረወረ፣ ወደኋላ እየተመለሰ፣ ዓይኑ ደም መስሎ ይጮኻል። ይኼ በእኛ አገር አንድ ስም ብቻ ነው ያለው።

«ዘራፍ በሉ አባ! ዘራፍ!» አሉ ጎረምሶቹ። «እሰይ! በለው! አባቴን!»

ከበቧቸው። አባቴ አንዱን ደረቱን ገፉት፤ ሰውዬው እየሳቀ እጅ ነሣቸው። መሬቱን በዱላ መቱት፤ ጭብጨባው ደመቀ። ሴቶቹ እልል ባሉ ቁጥር አባቴ ይብስ ይጮኻሉ፤ እሳቸው በጮኹ ቁጥር ሴቶቹ ይብስ እልል ይላሉ። «ፉከራ አይደለም! እየለመኑ ነው! እየለመኑ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ። ማልቀስ ጀመርኩ። ጎረቤቴ የሆነች ሴት መጥታ አቀፈችኝና «አልቅሺ እቴ፣ የደስታ ነው፣ ያባትሽ ቀን ነው» አለችኝ። እንዴት አድርጌ ልግፋት?

አውሮፕላኗ ተመለሰች። ቀና ብዬ ሳይ ከሜዳው ጫፍ ዝቅ ብላለች፣ ለማረፍ የፈለገች መሆኑ ያስታውቃል። ዳር ዳሩ እኮ ባዶ መሆን ጀምሮ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ አባቴን ለማየት ወደ መሐል ስለተሰበሰበ። የቀረው መሐሉ ላይ ያለው ክብ ብቻ ነው። ክቡ ውስጥ ያሉት ደግሞ አባቴ ናቸው። ወይ ነዶ! ያን ጊዜ እሳቸውም ገባቸው። ዙሪያቸውን አዩ፣ ወደ ላይ አዩ። ዱላው ወረደ። «አበቃ እንዴ? ይድገሙልን!» አለ አንዱ።

አውሮፕላኗ በላያቸው አልፋ ወጣች፣ ክንፏን አንዴ አዘነበለችና ወደ ባሕር ዳር አቀናች። ሰዉ እጁን እያውለበለበ «ደኅና ግቢ!» አላት። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል የሚሉት እንዲህ ነው። ሁሉም እየላሰ ወደ ቤቱ ገባ። አይተናታል፣ ዞራናለች፣ ተሳልማናለች፤ ሌላ ምን ይፈለጋል?

ሰዉ ሳይበተን ኃላፊው ድምፅ ማጉያውን ይዞ አመሰገነ። አባቴም «ትውልድ የማይረሳው ፉከራ» ስላሰሙ ተብሎ ጋቢ ተሸለሙ። ሁለት ሰዎች ትከሻቸው ላይ ሲያለብሷቸው እንደ ሕፃን ልጅ ዝም ብለው ቆሙ። ባለ ኮፍያው ሰውዬ ይኼኔ ነው በምትጨስ ላንድሮቨሩ የደረሰ። ሰማዩን አየ፣ ሜዳው ላይ የተረገጠውን ቅጠል አየ። ስልኩ ጠራ፤ አብራሪው ነው። አነጋግሮት ሲጨርስ ወደ አባቴ መጣና «አዝናለሁ አባባ። ሰው ስለነበረበት አልቻለም። ለሌላ ጊዜ» አላቸው።

አባቴ አዩት። «በአደራ የተቀበልኩት ሜዳ ይኸው…» ብለው ጀመሩ። ቆሙና «አንተ ልትረከበኝ ትችላለህ?» አሉት።

«ምኑን አባባ?»

«ተወው የኔ ልጅ። ሻይ ጠጣ፣ ደክሞሃል» አሉት።

ጠጥቶ ሄደ። ጨዋ ሰው ነበር፣ ለሻዩም ሲያመሰግነኝ ከመቀመጫው ተነሥቶ ነው። ተመልሶ ግን አልመጣም፤ ሌላ ጊዜ የተባለውም ሳይመጣ የመንገዱ ሰላም ደፈረሰ። አሁን መኪና አንድ ሰሞን ይሄዳል፣ አንድ ሰሞን ይቀራል። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ሻይ ቤቴ ገብቶ አንዲት ብርጭቆ ይዞ ውሎ ያድራል፣ እኔም አላስነሣውም። በአሮጌ መኪና ለደስታው ብሎ በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሰው ነበር ብል ያሁን ልጅ አያምነኝም።

አንድ ቀን ታዲያ አላስችል ብሎኝ «አባ፣ ለምን አይነግሯቸውም? ፉከራ አልነበረም፣ እናንተ ናችሁ ያሳጣችሁኝ ለምን አይሏቸውም?» አልኳቸው።

«ሰው ደስ ብሎት ገብቷል» አሉኝ። «እንግዳ ልቀበል ብሎ ለወጣ ሰው ምን ብዬ ነው የማሳፍረው?»

«እርስዎስ?»

ለእሳቸው የሚባል ነገር መኖሩን የረሱ መሰለኝ። እንደዚያ ቀን ተናድጄባቸው አላውቅም፤ ጓዳ ገብቼ ብርጭቆ ሰበርኩ።

ሜዳው ችካል ተመታበት። ኃላፊው ቃሉን ጠበቀ፤ ካላረፈች ብሎ ነበር፣ አላረፈችም። የዘበኛዋ ቤት ስትፈርስ አባቴን ወደ ኪራይ ቤቴ አመጣኋቸው። አንድ አልጋ፣ አንድ በርጩማ ይዘው መጡ። ጠዋት ይነሣሉ፣ ጫማቸውን ያጠልቃሉ፣ በሩ ድረስ ይሄዱና ይቆማሉ። ከዚያ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ደንበኛ ሲመጣ «እኒያ የፎከሩት አይደሉም?» ይላል፤ ወጣቱ አንድ ጊዜ ይድገሙልን ብሎ ይለምናቸዋል። እሳቸው ፈገግ ይላሉ። እኔ ሻይ እቀዳለሁ። ሌላ የምሠራው አላገኘሁም።

የማኅበራችን ዕጣ የወጣ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወደየትኛው ሠፈር እንደምንመራ ስለማናውቅ ሁሉም ይጸልያል። እኔ የጸለይኩት አንድ ነገር ነው፤ የትም ይሁን፣ እዚያ ብቻ አይሁን አልኩ። ወረቀቱን ዘርግቼ አነበብኩት። አጠገቤ ያለችው ሴት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳመችኝ፤ «መንገድ ዳር ነው እኮ የደረሰሽ! ምን ዓይነት ዕድል ነው!» አለችኝ። ልለውጥ ብዬ ጠየቅሁ፤ አይለወጥም ተባልኩ። ልተወው አልኩ። የት ልገባ ነው የምተወው? የቤት ኪራይ በየጊዜው ይጨምራል፣ አባቴን ይዤ ከጓዳ ጓዳ ልዙር? አልተውኩትም።

ቤት ስደርስ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፊቴን አዩና ዕጣው መውጣቱን አወቁ።

«ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ አባ።»

«እሰይ። የት በኩል?»

ልዋሽ ነበር። ዲንሳ የሚባለው ሠፈር ወይም ሌላ ቦታ፣ የመጣልኝን ልል ነበር። አፌ አልታዘዝ አለኝ።

«ሜዳው ላይ» አልኩ።

እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። በልቤ ይርገሙኝ አልኩ፤ ይርገሙኝ፣ ዱላቸውን ያንሡብኝ፣ አደራ በላ ይበሉኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ለራሳቸው ይጮኹ። ጠበቅሁ። እጃቸው መጥቶ ራሴ ላይ ዐረፈ።

«ከየትኛው ጫፍ?» አሉኝ።

«ከታችኛው።»

«እዚያ ክረምት ውሃ ይተኛል» አሉ። «መሠረቱን ከፍ አድርጊው የኔ ልጅ።»